ቆረቆርና ላሽን ስለ መለየት
(ለማኅበራችን አባሎች የተደረገ ንግግር)



ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነሥተን ለዕረፍት ወደየቀያችን ስንገባ፣ ራሱ ተላጭቶ ቅባት የተለቀለቀ ልጅ አይጠፋም። እናቲቱን ብንጠይቅ «ቆረቆር ነው» ትለናለች። ብዙ ጊዜም ልክ ናት። ነገር ግን ፀጉር የሚያረግፍ ሁሉ ቆረቆር አይደለምና፣ ስሙን በመሳሳት ብቻ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ አለ።

ቆረቆር የሚመጣው ከፈንገስ ነው። ቆዳው ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ ፀጉሩ ሳይነቀል ከቆዳው አፍ ላይ ይሰበርና ጥቁር ነጥብ መስሎ ይቀራል፤ ልጁም ያካል። ላሽ ግን እንደ ሳንቲም ክብና ልሙጥ ነው፤ ቅርፊት የለውም። የሰውነት መከላከያ የገዛ ፀጉሩን ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣ ስለሆነ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ላሽ ያለበትን ልጅ ከጓደኞቹ መለየት በደል ነው እንጂ ጥንቃቄ አይደለም።

አንዳንዱ ቆረቆር ያብጣል፣ መግልም ይቋጥራል። ብጉንጅ መስሏቸው የሚበጡት አሉ፤ ትርፉ ጠባሳ ነው። ከሁሉ የከፋው እንደ ጽዋ የጎደጎደ ቢጫ ቅርፊትና የአይጥ ሽታ ያለው ነው፤ የፀጉሩን ሥር ካጠፋው ዳግመኛ አይበቅልም።

የኮምቦልቻ ጎረምሶች ደግሞ፣ በሙቀቱ እያመካኙ፣ ማጅራታቸውን በምላጭ ማስላጨት ይወዳሉ (የሚሥቁ ይታዩኛል)። እዚያ ላይ የሚወጣው ጠጣር እብጠት ቆረቆር አይደለም፤ መጀመሪያ ምላጩን መተው ነው። በሹሩባ መጥበቅ ግንባር ላይ የሳሳም ፀጉር እንዲሁ ቅባት አይሻም፤ ጉንጉኑ ይላላ።

ሐኪሞች በጨለማ የሚያበሩት መብራት አለ፤ አንዳንዱ ፈንገስ በዚያ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ግን አያበራም። ስለዚህ መብራቱ ምንም አላሳየም ብሎ ልጁን መመለስ አይገባም፤ ፀጉሩና ቅርፊቱ በማይክሮስኮፕ ይታይ።

ቅባት ብቻውን ወደ ፀጉር ሥር አይዘልቅም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1958 ጀምሮ ለዚህ ሕመም የዋለው ግሪሶፉልቪን የሚዋጥ ነው፤ ሐኪም ባዘዘው መጠን፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ቤተሰብ ግን እከኩ ሲቆም ያቋርጠዋል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ይመለሳል። ወንድምና እኅቶቹም አብረው ይመርመሩ፤ ማበጠሪያና ምላጭ አይዋዋሱ። መለየት ያቃታችሁን ከደሴ ወጣ ብሎ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ላኩት፤ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።