ከምንጭ ኮድ እስከ ፓኬጅ
(በሊኑክስ ላይ ሶፍትዌር ስለ መገንባትና ስለ መጫን የተደረገ ንግግር)



እህል የሚያስፈጭ ሰው እህሉን አበጥሮና ለቅሞ ከላከ በኋላ እንኳ ልቡ አያርፍም፤ ዱቄቱ ከሌላ እንዳይቀላቀል ወፍጮ ቤት ቆሞ ይጠብቃል። በሊኑክስ ላይ ሶፍትዌር የሚጫንበትም አሠራር ይህንኑ ይመስላል። ባለሙያዎች የሚያነቡትና የሚመረምሩት ምንጭ ኮዱን ነው፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሠራው ግን ኮምፓይለሩ ፈጭቶ ያወጣው ውጤት ነው።

ቀደም ሲል ተጠቃሚው ምንጭ ኮዱን ራሱ አምጥቶ፣ ለማሽኑ እንዲስማማ አዘጋጅቶና ገንብቶ ይጭን ነበር። የጎደለ ላይብረሪ መፈለግም ሆነ አሮጌ ፋይል ማስወገድ የእርሱ ዕዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በኢያን መርዶክ የተመሠረተው ዴቢያንና መሰሎቹ ይህን ሸክም አቀለሉ። ፓኬጅ የሚባለው ተገንብቶ ያለቀውን ፕሮግራም፣ እንዲሁም እርሱ የሚያስፈልጉትን የሌሎች ፓኬጆች ስም አጠቃልሎ የያዘ ነው። ዛሬ አንድ ትእዛዝ ሲሰጥ የዲጂታል ፊርማው ተመርምሮ ሁሉም በየቦታው ይገባል። ይሁን እንጂ ፊርማው የሚመሰክረው ፓኬጁ ከማን እንደመጣ እንጂ ከምን እንደተሠራ አይደለም።

ይህ ክፍተት እ.ኤ.አ. በማርች 2024 በግልጽ ታየ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በኤስ ኤስ ኤች ወደ ኮምፒዩተር ለመግባት ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየት እንዳለ አስተዋለ። ምክንያቱን ሲከታተልም የፋይል መጠን በሚያሳንሰው ኤክስ ዜድ በተባለ ሶፍትዌር፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ፣ ስውር በር ተሠርቶ አገኘ። ለዓመታት እየተባበረ አመኔታ ያተረፈ አንድ ሰው ተንኮሉን በመሞከሪያ ፋይሎች ውስጥ ሸሽጎት ነበር። የተሸሸገውን አውጥቶ የሚያስነሣው መስመር ግን ሁሉም በሚያነበው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ ለገንቢዎች በሚታደለው የምንጭ ጥቅል ውስጥ ብቻ ገብቶ ነበር። ወደ ዴቢያን ዋና እትም ሳይደርስ የተያዘው በአንድ ሰው ንቃት ነው።

እንግዲህ ጥንቃቄው በሁለት በኩል መሆን አለበት። አንደኛ፣ የሚታደለው ጥቅል በይፋ ከሚነበበው ማከማቻ ጋር ሊመሳከር ይገባል። ሁለተኛ፣ ከአንድ ምንጭ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ ሁለት ሰዎች በየበኩላቸው ሲገነቡ ውጤቱ እስከ መጨረሻዋ ቢት አንድ ሊሆን ይገባል። ዴቢያን ከ2013 ጀምሮ ለዚህ ሲሠራ ቆይቷል፤ ለዚህም የግንባታ ሰዓትንና የፋይሎችን ቅደም ተከተል የመሳሰሉ የልዩነት ምንጮች አንድ በአንድ ይወገዳሉ።

መሐንዲስ ድልድይ ሲረከብ ንድፉን ብቻ አይቶ አይፈርምም፤ የኮንክሪቱን ናሙና ያስፈትናል። ባንክና ሆስፒታል የተደገፉበት ሶፍትዌርም ከዚህ ባነሰ ሚዛን ሊመዘን አይገባውም።