ከኦስሎ ወደ ፑትኒ

አድማጮቻችን፣ አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ቁልቁል መንሸራተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዳገቱንም በገዛ እግርና ክንድ መውጣት አለ፤ የሳንባ ስፖርት ነው።

አሜሪካዊው ጆን ካልድዌል እ.ኤ.አ. በ1952 በኦስሎ ኦሎምፒክ ተወዳድሮ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን ትልቁ ሥራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ቬርሞንት በሚገኘው ፑትኒ ትምህርት ቤት እያስተማረ ሲያሰለጥን ነው። በአሜሪካ ስፖርቱን የሚያውቀው ጥቂት ሰው በነበረበት ጊዜ፣ በ1964፣ ለጀማሪዎች የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ።

የፑትኒው ተማሪ ቢል ኮክ በ1976 ኢንስብሩክ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ከሶቪየቱ ሰርጌይ ሳቬልዬቭ ቀጥሎ ገብቶ ብር አገኘ። በዚህ ስፖርት የአሜሪካ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው። ሁለተኛው 42 ዓመት አስጠበቀ፦ በ2018 ኪካን ራንዳልና ጄሲ ዲጊንስ ፒዮንግቻንግ ላይ ወርቅ ወሰዱ።