የጦርነት ዜናና የጦርነት ፊልም በምን ሚዛን ይመዘኑ?

(በአዲስ ከተማ፥ መርካቶ በተደረገው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




መሐንዲስ ስለ ፊልምና ስለ ጋዜጣ ምን አግብቶት ይናገራል የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ ሳያድር አይቀርም። ይሁን እንጂ ሙያችን በየዕለቱ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መለኪያ ያሳየው ቁጥር ከመታመኑ በፊት፥ መለኪያውን ማን እንደ ሠራው፥ የለካውም ሰው የት ቆሞ እንደ ለካ መጠየቅ ነው። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ ስለ ጦርነት ለሚነገረን ዜናና ለሚታየን ዘጋቢ ፊልም ማቅረብ ነው።

በብዙዎች ዘንድ የተለመደው አስተያየት፥ ዜና ችኩል ስለ ሆነ ይሳሳታል፤ ፊልም ግን በዐይን የሚታይ ስለ ሆነ እውነቱን ያወጣል የሚል ነው። ይህን አስተያየት ለመመርመር ከ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ የበለጠ ምሳሌ ያለን አይመስለኝም። የተሰበሰብንበት ሥፍራ ራሱ ከነገሩ ጋር የተያያዘ ነው። ጣልያኖች በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው፥ ነጩን ከጥቁር በሚለይ ፕላን መሠረት ለአገሬው ሕዝብ ብቻ የታሰበ ገበያ በዚህ አቋቋሙ። መርካቶ የሚለውም ስም ከቋንቋቸው የቀረ ነው።

በመጀመሪያ ዜናውን እንመልከት። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር አያሌ የውጭ አገር ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ገብተው ነበር። ነገር ግን አብዛኞቹ ወደ ሰሜን ግንባር ለመሄድ ስላልተፈቀደላቸው በከተማው ሆቴሎች ተቀምጠው፥ የሰሙትን ወሬ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። የለንደኑ «ዘ ታይምስ» ወኪል ጆርጅ ስቲር ለኢትዮጵያ ሲቆረቆር፥ የ«ዴይሊ ሜይል» ወኪል ኤቭሊን ዎ ወደ ወራሪው ያደላ ነበር። ከአንድ ከተማ ሆነው ለአንድ አገር አንባቢ የጻፉ ሁለት ሰዎች ያሳዩት ጦርነት አንድ አልነበረም።

ፊልሙስ? እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው የጣልያን መንግሥት የፊልም ድርጅት ሉቼ፥ በ1935 ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ክፍል አደራጅቶ የካሜራ ሠራተኞቹን ከሠራዊቱ ጋር አሰልፏል። እንግዲህ ወደ ግንባሩ ይበልጥ የቀረቡት እነዚህ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣውን «የጀግኖች ጉዞ» የተባለውን ፊልማቸውን መሐንዲስ ቢያየው ሥራው ሊማርከው ይችላል። መርከቡ ይራገፋል፤ መንገዱ ይቀደዳል፤ ስንቁ በሥርዓት ይጓዛል። መንገዱ በእርግጥ ተሠርቷል፤ መርከቡም በእርግጥ ተራግፏል። ይሁን እንጂ በዚያ መንገድ የተጓዘው የመርዝ ጋዝ ለሕዝብ በሚታየው ሥዕል ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም። ከዚህ የምንረዳው፥ እያንዳንዱ ሥዕል እውነት ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ፊልም ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ነው። በዜና የሚገኘው ሐሰት ብዙውን ጊዜ በተጻፈው ቃል ውስጥ ነው፤ በፊልም የሚገኘው ሐሰት ግን ካሜራው ፊቱን ባዞረበት በኩል ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህም ለመያዝ ያስቸግራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚሁ ከከተማችን የተገኘ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ በተጨፈጨፈ ጊዜ፥ «ኮሪዬሬ ዴላ ሴራ» የተባለው የጣልያን ጋዜጣ ወኪል ቺሮ ፖጃሊ በከተማው ነበር። ጋዜጣው ሊያትመው ያልቻለውን የግድያና የቃጠሎ ነገር በግል ማስታወሻው ጻፈው፤ ማስታወሻውም ለኅትመት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የጻፈው እጅ አንድ ነው፤ ያዩትም ዐይኖች አንድ ናቸው። ልዩነቱ የመጣው ጽሑፉ በማን ደጅ እንደሚያልፍ ከመታወቁ የተነሣ ነው።

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ስለ መርዙ ጋዝ ሊናገሩ በቆሙ ጊዜ፥ እያፏጩ ያወኩዋቸው የጣልያን ጋዜጠኞች እንደ ነበሩም አይዘነጋም። በወረራው በመኮንንነት የተካፈለውና በኋላ በጋዜጠኛነቱ እጅግ የታወቀው ኢንድሮ ሞንታኔሊ ጋዝ አልተጣለም እያለ ለብዙ ዓመታት ተከራከረ። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ከመዝገብ ቤት ሰነድ እያወጣ ሞገተው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1996 የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን ሲያምን፥ ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ። «እኔ በቦታው ነበርሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ይህ በቂ ምስክር ነው። ለስድሳ ዓመት የተካደውን ነገር ያስረዳው ተጠብቆ የቆየ ወረቀት ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳንርቅ ምን አለሽ ተራ አለ። የተጣለ በርሜል በባለሙያ እጅ ምድጃና ባልዲ ሆኖ ይወጣል። ዘግይቶ የሚመጣው ዘጋቢ ፊልምም ሥራው ይህንኑ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ቢቢሲ ያሳየው «የፋሺስት ቅርስ»፥ በ2013ም ጃኒኪያንና ሪቺ ሉኪ የሠሩት «አረመኔ አገር» ወራሪው ለክብሩ ያነሣውን ሥዕል መልሰው በወራሪው ላይ ምስክር አድርገውታል። የጣልያን ቴሌቪዥን የቢቢሲውን ፊልም ገዝቶ ሳያሳየው ማስቀመጡም፥ የተጠበቀ ሥዕል ምን ያህል እንደሚፈራ ያመለክታል።

ነገር ግን ይህ ጥበብ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን እናስታውስ። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሀብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር ተቀጣጥሎ ቀረበ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሀቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን አንድ ዐረፍተ ነገር ያደረጋቸው ግን የአቀናባሪው መቀስ ነው። ተመልካቹ የሁለቱን ሥዕሎች ጊዜና ቦታ ለይቶ እንዲያይ አልተደረገም።

ይህ ሁሉ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በተደረገው ጦርነት በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፥ ጋዜጠኞችም እንደ ልብ እንዳይዘዋወሩ ተከልክለው ነበር። ባዶ የቀረውን ቦታ ከሌላ ጊዜና ከሌላ አገር የመጡ ሥዕሎች ጭምር ሞሉት። በሌላ በኩል ደግሞ ሟቾቻቸውን የሚያውቁ ሰዎች ያነሡት እውነተኛ ሥዕል በየስልኩ ውስጥ ተቀምጧል። በዚህ በመርካቶ በየቀኑ አሮጌ ስልክ ይሸጣል፤ ከመሸጡም በፊት በውስጡ ያለው ይጠረጋል። ከሚጠረገው መካከል ወደፊት የሚካድ ነገር ምስክር ይኖር ይሆናል። የ1928ቱን ጦርነት ከሞላ ጎደል በወራሪው ካሜራ ለማየት ተገደናል፤ ያለፈውንም ጦርነት ልጆቻችን ባለቤቱ በማይታወቅ ሥዕል እንዲያዩት ልንተውላቸው አይገባም።

ስለሆነም አንድ ሐሳብ አቅርቤ ንግግሬን እፈጽማለሁ። መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ የአፈሩን ምርመራ፥ የሲሚንቶውን ፈተናና የፕላኑን ማሻሻያ በመዝገብ ያስቀምጣል፤ ድልድዩ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ ምክንያቱ የሚገኘው ከመዝገቡ ነው። የጦርነት ሥዕልም እንዲሁ ይሁን። መቀስ ያልነካው ቅጂ፥ ማን እንዳነሣው፥ መቼና የት እንደ ተነሣ፥ ከማን እጅ ወደ ማን እንደ ተላለፈ ተጽፎ፥ የባለቤቱም ደኅንነት ተጠብቆ ይቀመጥ። የማስቀመጫውን ዘዴ ማዘጋጀት ከሙያችን ውጪ አይደለም፤ ማኅበራችንም ጉዳዩን እንዲመክርበት እለምናለሁ።

ዜና ፈጥኖ ይደርሳል፤ ፊልም ዘግይቶ ይቆያል። ሁለቱም ከየት እንደ መጡ መናገር ሲችሉ ይታመኑ፤ መናገር ሲሳናቸው ግን፥ የእኛን ወገን የሚያስደስት ወሬ ቢያመጡልንም እንኳ፥ ሳንቀበላቸው እናቆያቸው።