ጎባ ላይ አንድ ክፍል



የመጣሁት ከጎባ ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ እናቶች ጤና የምናገር መስሏችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን ስለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ላወራ ነው። “ሐኪም ምን አገባት?” የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ የጤና ትምህርት እንሰጥ ነበር። “ምጥ ሲጠና አትዘግዩ” እያልን በድምፅ ማጉያ እንናገራለን። ሰዉ ግን ተራው እንዳያልፈው ነው የሚያዳምጠው እንጂ እኛን አይደለም። አንድ ቀን አራት የከተማው ወጣቶች “እስቲ እኛ እንሞክር” አሉን። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ባዶ ቃሬዛ ተሸክመው ከበሩ ተነሡ። ሦስት እርምጃ ሄደው ያስቀምጡታል፤ በእጅ ምልክት ይከራከራሉ፤ ደግሞ ያነሡታል። ያቺ አጭር መንገድ ሃያ ደቂቃ ፈጀች። በረንዳው ጸጥ አለ። አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ተነሥተው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዙ። እኔ ስለ መዘግየት ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ መዘግየትን በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ከወራት በኋላ ያንኑ ደገሙት። ሰዉ ሳቀ። ለምን እንዳልሠራ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም አላውቅም። ከዚያ በኋላ ተበተኑ። “የት ተማራችሁት?” ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። “የት እንማራለን ዶክተር?” ነው ያሉኝ።

ያደረጉት ነገር ስም አለው፤ ፐርፎርማንስ አርት ወይም ክዋኔ ጥበብ ይባላል። ሥራው ሸራ ላይ ሳይሆን በሠሪው አካል፣ በጊዜና በቦታ ላይ ነው። በአገራችን የዚህ ጥበብ መንገድ የሚያልፈው በኛው ዩኒቨርሲቲ በኩል ነው። አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረውበታል። ከዚያ ቤት የወጡ ወጣቶች ናቸው ነፃ አርት ቪሌጅን አቋቁመው መናፈሻውን ወደ መሥሪያና መገናኛነት የለወጡት። ከነሱ አንዷ ሠዓሊና ገጣሚ ምሕረት ከበደ ናት፤ በራስ ሆቴል ወር በወር ይቀርብ የነበረውን ግጥምን በጃዝ ከጀመሩትም መካከል ናት። ደሴ የተወለደው ሮቤል ተመስገንም በዚሁ ትምህርት ቤት አልፎ ነው በአድባር ላይ የሠራው። አያችሁ? የአገር ቤቱን አድባር ሊጥል አይደለም የተማረው፤ በአዲስ ዓይን ሊያየው እንጂ።

እርግጥ ነው፣ ነፃን የመሰለ ነገር የተፈጠረው ከግቢው ውጭ ነው። ትምህርት ቤት ሙከራን አይወልድም የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም። ግን ሰዎቹ መጀመሪያ የተገናኙት የት ነው? አብሮ የሚሠራ ጓደኛ፣ “ይሄ አልሆነም፣ ምክንያቱም...” የሚል መምህር፣ ወድቆ እንደገና የሚሞከርበት ክፍል፤ የኔ አራቱ ልጆች ያጡት ይህንን ነው።

ይህ የግድ በዋና ከተማ መሆን የለበትም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1933 የተከፈተ ብላክ ማውንቴን የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ጆን ኬጅና ጓደኞቹ በ1952 በመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ግጥም፣ ውዝዋዜ፣ ፒያኖና ሥዕል ባንድ ላይ አቀረቡ። ኮሌጁ በ1957 ተዘጋ። ያ ምሽት ግን እስከ ዛሬ የዚህ ጥበብ መነሻዎች ከሚባሉት አንዱ ነው።

ባሌ ደግሞ ባዶ እጇን አይደለችም። በድሬ ሼክ ሁሴን ምእመናን በዜማ ሌሊቱን ያነጋሉ። አራስ ሴት በባሏ ብትመታ የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከቤት ይወጣሉ፤ ነገሩ በሽማግሌ ካልታየ አይመለሱም። ይህንን ጥበብ ብዬ ላሳንሰው አልፈልግም፤ ሕግ ነው። ነገር ግን አካል፣ በትርና ቦታ ምን ያህል መናገር እንደሚችሉ ከነሱ በላይ የሚያስተምር የለም።

“አልጋ ሳይሟላ ስለ ጥበብ?” የሚለውን ጥያቄ እኔም ተረኛ በሆንኩ ሌሊት ሁሉ እጠይቀዋለሁ። አልጋውንም እንጠይቃለን፤ አንተውም። ዛሬ የምለምናችሁ ግን ሕንፃ አይደለም። ከሮቤና ከጎባ አንድ ወጣት ሥነ ጥበብ ልማር ብሎ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የአለ ትምህርት ቤት መምህራን እዚህ አላችሁ፤ በየክረምቱ ሁለት ተመራቂ ለአንድ ወር ላኩልን። ምሩቃን ደግሞ ለትራንስፖርትና ለማደሪያ እናዋጣ፤ የመጀመሪያውን እኔ እጀምራለሁ። ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከከተማው አንድ ክፍል መጠየቁን ለኔ ተዉት።

አራቱን ልጆች ፈልጌ አገኛቸዋለሁ። ጎባ ብርድ አለ፤ የሐረና ቡናም አለ። ኑልን።