ስለ አሮጌ መኪኖቻችን መብራት
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የተነሣነው ስለ አሮጌ መኪኖቻችን መብራት ነው። መኪና የሌላችሁ እናቶችና አባቶች «እኛን ምን አገባን» እንዳትሉን፤ በማታ አስፋልቱን የምትሻገሩት እናንተ ናችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ዓይኑ የጠፋ ላዳ ከላይ ሲወርድ፣ የሰፈራችን ልጅ ሞተር ብስክሌት መስሏት በጠፋው መብራት በኩል ልታልፍ ገባች። እግዜር ጠብቋት ቦርሳዋን ብቻ ነካት። መኪናው የማኅበራችን አባል ስለነበር ጣታችንን ወደ ሌላ አንቀስርም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ላዳውም ቮልሱም ዲኤክሱም ገና ብዙ ዓመት አብረውን ሳይኖሩ አይቀሩም። ስለዚህ ጠባያቸውን ማወቅ ይሻላል።

መብራት ሲደክም አብዛኞቻችን አምፑል ልንገዛ እንሮጣለን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአምፑሉ አይደለም። ኤሌትሪኩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ፣ አምፑሉን አብርቶ፣ በመኪናው ቆርቆሮ በኩል ወደ ኔጋቲቩ መመለስ አለበት። ይህን መመለሻ መካኒኮች ማሳ ይሉታል። ማሳው የታሰረበት ብሎን ከዛገ፣ ወይም መኪናው ሲቀባ ቀለም ከገባበት፣ ኤሌትሪኩ መንገድ ያጣል። 12 ቮልት የሚገባው አምፑል 10.8 ብቻ ሲደርሰው ብርሃኑ ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አንዱ መብራት ብቻ ከደከመ፣ ወይም ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራቱ አብሮ ከተርገበገበ፣ ማሳውን ጠርጥሩ። መብራቱን አብርታችሁ ከባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ሽቦ ስባችሁ የአምፑሉን የማሳ ሽቦ ንኩት፤ ቦግ ካለ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ብሎኑን ፈትቶ ቆርቆሮው እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ወጪው ከአንድ ሻይ አይበልጥም።

ሁለቱም ደክመው ነዳጅ ሲሰጡት ቦግ የሚሉ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ባትሪና ወደ ዲናሞ ይሄዳል። የሞላ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5። ካነሰ መጀመሪያ ቺንጊያው ላልቶ እንደሆነ እዩ። (ባለ 6 ቮልት የድሮ ቮልስ ያላችሁ አባቶች ቁጥሩን በግማሽ ውሰዱት።)

አሁን ወደ ፊውዝ እንምጣ፤ እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ እንናገራለን። በላዳ 2101 ረጅሙም አጭሩም መብራት በግራና በቀኝ የየራሱ ባለ 8 አምፔር ፊውዝ አለው። ከኛ አንዱ ፊውዙ እየተቃጠለ ሲያስቸግረው የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ከተተበት። ሁለት ሳምንት አገለገለው። በሦስተኛው፣ ልጆቹን ከኋላ ጭኖ ሲሄድ ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ተነሣ፤ ልጆቹን አውርደን፣ ባትሪውን በ10 ቁጥር ቁልፍ እስክንፈታ የሽቦው ልባስ ቀልጦ አለቀ። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮ ነክቷል ማለቱ ነበር፤ እኛ ግን አፉን ዘጋነው።

ባለ 100 ዋት አምፑል መግጠምም እንዲሁ ነው። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፑል 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሁለት ባለ 100 ግን ወደ 17 ይጠጋል። በብዙ አሮጌ መኪና ይህ ሁሉ ያለ ሪሌ በማብሪያው ውስጥ ስለሚያልፍ ማብሪያው ይነድዳል።

ሽቦ ከመነካካታችሁ በፊት ሁልጊዜ የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድማችሁ ፍቱ። መጀመሪያ ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ቆርቆሮ ከነካ ይተኩሳል።

በመጪው እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቮልት መለኪያ፣ ካቻቢቴና ብርጭቆ ወረቀት ይዘን እንጠብቃችኋለን። ፊውዝ ግን እያንዳንዱ ለራሱ ገዝቶ ይምጣ።