የተወረወረ ድንጋይ ጉዞ



የስሜን ደጋ እረኛ ዝንጀሮን ከገብስ በወንጭፍ ሲያባርር፥ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ እጁ ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አሠርተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያደረሱት የሴባስቶፖል መድፍም ከዚሁ ሕግ አይወጣም። ብዙ ተማሪ በፈተና የሚሰናከለው ሁለቱን እንቅስቃሴዎች ስለሚያደባልቅ ነው።

45 ሜትር ከፍታ ካለው ገደል አፋፍ ድንጋይ በሴኮንድ 20 ሜትር ፍጥነት በአግድም ወረወርን እንበል፤ አየሩን አንቊጠር። አስቀድመን ቁልቁለቱን ብቻ እናስላ። ውድቀቱ በየሴኮንዱ በ10 ሜትር ቢፈጥን፥ በ3 ሴኮንድ 30 ይደርሳል፤ አማካዩ 15 ነው፤ 15 በ3 ሲባዛ 45 ይሆናል። ስለዚህ ጊዜው 3 ሴኮንድ ነው። ቀጥሎ አግድሙ፤ 20 በ3 ሲባዛ 60 ሜትር።

ከእጅ ዝም ብሎ የተለቀቀ ድንጋይም በዚያው 3 ሴኮንድ ይወድቃል።

እንግዲህ እጃችን የሚያውቀውን አእምሯችንም ይወቀው።