ከዕቃ ውስጥ የተደበቀው ኮምፒዩተርና የልጆቻችን ትምህርት



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የሙያ መስክ ነው። ልጃችሁ «ዝማን ኤሜት አጠናለሁ፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላም በምርምር እቀጥላለሁ» ቢላችሁ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ እንድታውቁለት ብዬ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮምፒዩተር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ነው። ነገር ግን በአውሮፕላን፣ በመኪና ፍሬን፣ በሆስፒታል መሣሪያም ውስጥ ዓይን የማያየው ትንሽ ኮምፒዩተር አለ። ይህ ኮምፒዩተር ትክክለኛ መልስ መስጠቱ ብቻ አይበቃም፤ በሰዓቱ መስጠት አለበት። ፍሬን ዘግይቶ ቢይዝ ምን ይጠቅማል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል። ዝማን ኤሜት የሚባለውም ይኸው ነው።

ነገሩ የሰው ሕይወት መሆኑን እኛ በሚገባ እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ 2019 ማለት ነው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ በፊትም በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም አደጋዎች አንድ መለኪያ መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ ኮምፒዩተሩም ያንን ብቻ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። በኋላ ፕሮግራሙ ሲታረም የሁለት መለኪያዎችን ቁጥር እንዲያመዛዝን ተደረገ።

ታዲያ «ይህ መሣሪያ ቢዋሽስ?» የሚለውን ጥያቄ ሰው ሳይሞት አስቀድሞ መጠየቅ የተመራማሪ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ የታወቁ ሰዎች በዚህች አገር ተገኝተዋል። ፕሮፌሰር አሚር ፕኑኤሊ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሁልጊዜ በትክክል መሥራቱን በሎጂክ የማረጋገጫ መንገድ በ1977 አሳተሙ፤ በ1996ም በኮምፒዩተር ሳይንስ ትልቁን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበሉ። የዋይዝማን ኢንስቲትዩቱ ፕሮፌሰር ዳቪድ ሃሬል ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የላቪን ተዋጊ አውሮፕላን የሚሠሩ መሐንዲሶችን ያማክሩ ነበር። እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ክፍል ያውቃል፤ «አብራሪው ይህን ቁልፍ ቢጫን ምን ይሆናል?» ሲባል ግን አንድ መልስ አልነበረም። እሳቸውም ሁሉም የሚግባባበትን የሥዕል አሠራር ፈጠሩ። ዛሬ በብዙ አገር መሐንዲሶች ይጠቀሙበታል።

ወደዚህ ሙያ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። ከባግሩት በከፍተኛ ደረጃ ሒሳብ ይጀመራል። የምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ሲጨመር ከአሥር ዓመት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ወላጅ «ይህ ልጅ ሥራ የሚይዘው መቼ ነው?» ቢል አይፈረድበትም፤ የቤት ኪራዩም፣ የታናናሾቹም ነገር አለ። ነገር ግን የምርምር ተማሪ ሥራ ፈት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ለምርምር ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ሚልጋ ይሰጣሉ፤ ተማሪውም እያስተማረ ደመወዝ ሊያገኝ ይችላል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ስለሚሰጠው የአዲስ ገቢዎች እርዳታ የተማሪዎችን አስተዳደር፣ ሚንሃል ሃስቱደንቲምን፣ ጊዜው ሳያልፍ ጠይቁ።

ውድ ወላጆች፣ ሒሳቡን ልትረዱት አትገደዱም። ማታ ልጃችሁ ሲመጣ «ዛሬ ምን ቢበላሽ ብለህ ጠየቅህ?» በሉት፤ ልጅቱንም እንዲሁ ጠይቋት። ያን ጊዜ የሥራውን ክብር እንደተረዳችሁለት ያውቃል።